የእናቴ ንቅሳት የጠፋበት ፎቶ

እናቴ ባረፈች በዓመቱ፣ ለሙት ዓመቷ ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ለማሳተም አዲስ አበባ ካለችው እኅቴ ጋር ተስማማን። እሷ ስልኳ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምትወደውን መርጣ ላከችልኝ። እኔም እዚህ ፍራንክፈርት ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ሰጥቼ በ50 በ70 ሴንቲ ሜትር አሳተምኩት። ፎቶው ያምራል። እናቴ ማታ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስልኩን ለያዘችው ልጇ ፈገግ ትላለች። ጥቅሉን ፈትቼ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ራቅ ብዬ ሳየው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ምን እንደሆነ እስካውቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንገቷ ባዶ ነበር።

እናቴ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናት። ገና በልጅነቷ አንገቷን ተነቅሳለች፤ እንደ ሐብል የተደረደሩ ሦስት መስመሮች፣ ከሥራቸው ደግሞ ደቃቅ መስቀሎች። በመርፌ የገባው ጥቁር ቀለም ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ከጠይም ቆዳዋ ጋር ሊመሳሰል ጥቂት ነው የቀረው። ቢሆንም ነበር። እኛ ልጆቿ ታቅፋን ሳለ በጣታችን እየተከተልን ያደግንበት መስመር ነው። የልጅ ልጆቿም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መልእክት መላኪያውን ነው፤ ፎቶ ሲላክ ጨምቆ እንደሚያሳንስ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እኅቴን ዋናውን ፋይል ሳይነካ በኢሜይል እንድትልክልኝ ለመንኳት። ላከችው። አጉልቼ አየሁት። የነጠላዋ ጥለት ክር በክር ይታያል። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንገቷ ግን እንደ ተወለወለ ሸክላ ልሙጥ ነው።

ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ፎቶግራፍ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ስልክ ካሜራን ይተካል ወይስ አይተካም? እኔም ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ፤ አይተካም ከሚሉት ወገን ሆኜ። ያን አንገት ካየሁ በኋላ ግን ሁለታችንም ወገኖች ስንከራከር የኖርነው በተሳሳተ ነገር ላይ ይመስለኝ ጀመር።

ጥያቄውን በገበያ ቋንቋ ካየነው መልሱ ካለቀ ቆይቷል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው አኀዝ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋብሪካ የወጡት ዲጂታል ካሜራዎች ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ነበረው፤ ቪዲዮ እንኳ አይቀርጽም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማወቅ ማኅበርም አኀዝም አያስፈልግም፤ የየራሳችንን ኪስ መዳበስ ይበቃል። ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ ለጥምቀትና ለልደት ብቻ የሚወርደው ካሜራ ከብዙዎቻችን ቤት ጠፍቷል።

አይተካም የምንለው ሰዎች ደግሞ መልሳችን ሁልጊዜ ፊዚክስ ነበር። ባለሙያዎች «ሙሉ ፍሬም» የሚሉት ካሜራ ሴንሰሩ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። የስልክ ሴንሰር ትልቅ የሚባለው እንኳ ከዚያ ስፋት ዐሥራ አምስት በመቶ አይሞላም። ብርሃን እንደ ዝናብ ውኃ ነው፤ ሰፊ ገንዳ ያለው ብዙ ያጠራቅማል፣ ብርጭቆ የዘረጋ ብርጭቆውን ሞልቶ ይገባል። ስለዚህ ማታ፣ በሻማ ብርሃን፣ በሩቅ፣ በሩጫ ላይ ትልቁ ያሸንፋል እንል ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተደርጎ፣ የእኛው ወገን የተሸነፈበት ክርክር መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ቬትስላር የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። የላይካ ካሜራ አገር ናት። ኦስካር ባርናክ የሚባል መካኒክ እዚያ በላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አስም ነበረበትና በዘመኑ የነበረውን የመስታወት ሰሌዳ የሚጎርስ ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ የሲኒማ ፊልም ወሰደ፤ በጎን አስተኛው፤ 18 በ24 የነበረውን የሲኒማ ፍሬም እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር አደረገው። የመጀመሪያው ናሙና እ.ኤ.አ. በ1914 ተሠራ፤ ገበያ የወጣው በ1925 ነው። እጅ መዳፍ በሚያክል ሰሌዳ ይሠሩ ለነበሩ ባለሙያዎች ይህ ከቴምብር እምብዛም የማይበልጥ ኔጋቲቭ መጫወቻ ነበር። ዝርዝር አይይዝም፣ ሲጎላ ይፈርሳል፣ ለቁም ነገር አይሆንም ተባለ። ጀርመኖች ስሙን ክላይንቢልድ አሉት፤ «ትንሽ ምስል» ማለት ነው። ዛሬም እዚህ ካሜራ ቤት ገብታችሁ ስለዚያ መጠን ስትጠይቁ ሻጩ የሚላችሁ ክላይንቢልድ ነው። እኛ «ሙሉ» ብለን የምንምልበት፣ የስልክን ትንሽነት የምንለካበት መስፈሪያ፣ በተወለደበት አገር እስከ ዛሬ «ትንሽ» ይባላል።

ያ ትንሽ ካሜራ ግን ፎቶግራፍን ከስቱዲዮ አውጥቶ መንገድ ላይ አቆመው። ካርቲየ-ብሬሶን ኮቱ ውስጥ ይዞት ዞረ። ትንሽነቱ ጉድለት ሳይሆን ዋና ሀብቱ ነበር። ስልክም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል የአሜሪካን ምሥራቅ ጠረፍ በመታ ጊዜ፣ ቤን ሎዊ በአይፎን ያነሣው የማዕበሉ ምስል የታይም መጽሔት ሽፋን ሆነ። ከዚያ በኋላ «ስልክ ለቁም ነገር አይሆንም» ማለት ከ1925ቱ ባለ ሰሌዳዎች ጋር መቆም ነው። ለእኛ በስደት ላለን ሰዎች ደግሞ ነገሩ ከሽፋን ምስል ይከብዳል። እናቴ ስትቀበር አልነበርኩም። ቀብሯን ያየሁት የአክስቴ ልጅ እያለቀሰ በያዘው ስልክ ነው፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ ሰማይ ነው። ማንም ሰው በየትኛውም ካሜራ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አንሥቶ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር። ስለዚህ ስልክን ልሳደብ አልተነሣሁም።

የባርናክ ካሜራ ትንሽ ይሁን እንጂ የሚጽፈው የገባለትን ብርሃን ነው። ስልክ ላይ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። ስልካችሁን አንሥታችሁ ነጩን ክብ ስትነኩ አንድ ፎቶ አነሣሁ ትላላችሁ። መሣሪያው ግን ብዙ ጊዜ ጣታችሁ ከመንካቱ በፊት ጀምሮ በርካታ ምስሎችን በተከታታይ ይዟል። እነዚያን ይደራርባል፣ የተንቀሳቀሰውን ያስተካክላል፣ ጨለማውን ያነሣል፣ የነጋውን ይገታል። ከዚያም ይህ ሰማይ ነው፣ ይህ ፀጉር ነው፣ ይህ ጨርቅ ነው፣ ይህ ቆዳ ነው እያለ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ የየራሱን ማስተካከያ ይሰጠዋል። ጨርቅ ይስላል፤ ቆዳ ይለሰልሳል። ብርሃን ሲያንስ ምስሉ ላይ የሚበተን ሽርፍራፊ አለ፤ ያንንም ይጠርጋል። ችግሩ ከሽርፍራፊውና ከደበዘዘ እውነተኛ ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ሲጠብ መሣሪያው ያየውን ትቶ ወደ ተማረው ይሄዳል፤ እንዲህ ያለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ምን ይመስላል? አንገት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የእናቴ ስድሳ ዓመት የደበዘዘ ንቅሳት፣ በሳሎን አምፖል ሥር፣ እንደ ቆሻሻ ተጠረገ።

እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሰው የጨረቃን ፎቶ ሆን ብሎ አደብዝዞ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተውና፣ ክፍሉን አጨልሞ ከሩቅ በሳምሰንግ ስልክ አነሣው። ስልኩ በመጀመሪያው ምስል ውስጥ ጨርሶ የሌሉ ጉድጓዶችን የያዘች ጥርት ያለች ጨረቃ ሰጠው። ኩባንያውም ስልኩ ጨረቃን ሲያውቅ ዝርዝሯን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ አስረዳ። ብዙ ሰው ሳቀ፣ ጥቂቱ ተቆጣ። እኔ ያን ጊዜ ከሳቁት ነበርኩ። ጨረቃ ለሁላችን አንድ ናት፤ ሁልጊዜም ያንኑ ፊቷን ነው የምታሳየን፤ ግምቱ ሁሌም ያዋጣል። አንገት ግን እንዲያ አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ፎቶግራፍ ድሮስ መቼ ዋሽቶ አያውቅም?» ቢለኝ እውነቱን ነው። ማስረጃው በእጄ አለ። እናቴ በ1961 ዓ.ም.፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከመዳሯ ትንሽ ቀደም ብሎ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት የተነሣችው ጉርድ ፎቶ አለኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ላዩ ላይ በእጅ ቀለም ተቀብቷል። በዚያ ዘመን ፎቶ ቤት መግባት ማለት ሪታች መደረግ ማለት ነበር። ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ ብጉር ይጠፋል፣ ጠባሳ ይለሰልሳል፣ ጉንጭ ይሞላል። እናቴ ያን ቀን የሆነውን ደጋግማ ትነግረን ነበር። ሰውዬው ፎቶውን ካነሣት በኋላ ጠጋ ብሎ፣

«ልጄ፣ አንገትሽን ላጽዳልሽ ወይስ ይቆይ?» አላት። ከተሜ መምሰል የሚፈልጉ ልጃገረዶች ንቅሳታቸውን ያስጠፉ እንደነበር የገባት ኋላ ነው።

«እናቴ ያስነቀሰችኝን እርስዎ ያጠፉታል እንዴ?» አለችው።

ሳቀና ተወው። ንቅሳቱ ዛሬም እዚያ ወረቀት ላይ ሦስቱም መስመር ቁልጭ ብሎ አለ። ከንፈሯን ግን ሳይጠይቃት ቀይ ቀባው። ፎቶውን ልትወስድ ስትመለስ «ሊፕስቲክ መቼ ቀባሁ?» ብላ ብትቆጣው «ግድ የለሽም፣ ሙሽራው ደስ ይለዋል» ብሎ አሾፈባት። ይህን ስታወራ ሁልጊዜ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የምትስቀው።

ልዩነቱን ያገኘሁት እዚህ ታሪክ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ሰውዬ ከስልኩ የበለጠ እውነተኛ አልነበረም፤ ግማሹን ጠይቆ ግማሹን ሳይጠይቅ ነው የሠራው። ነገር ግን የሚጣሉት ሰው ነበር። እምቢ ሲባል የሚሰማ ጆሮ፣ ሲወቀስ የሚያሾፍ አፍ ነበረው። እኅቴ ሶፋው ፊት ለፊት ቆማ ነጩን ክብ ስትነካ «አንገቷን ላጽዳው ወይስ ይቆይ?» ያላት የለም። የወሰነው ሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው አገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የማንን አንገት እያየ እንደወሰነ እሷም እኔም አናውቅም። ምናልባትም ማንም ሰው አልወሰነ ይሆናል፤ ከብዙ ሚሊዮን ፎቶዎች የተጠራቀመ አማካይ ነው የወሰነው።

ካሜራም ከዚህ ጥፋት ነጻ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልችልም። የኮዳክ ፊልም ለረጅም ዓመታት ቀለሙ የሚስተካከለው ማጠቢያ ቤቶች «ሸርሊ» በሚሏት ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ፊልሙ ተስተካከለ ይባላል፤ የእኛ ቆዳ ጥቁር ሸማ መስሎ ቢወጣ ግን የእኛ ችግር ነበር። በአልበሞቻችን ውስጥ በፍላሽ የተነሡ፣ ጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ የሚታይባቸው የሠርግ ፎቶዎች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ስልኩን የጠቆረ ቆዳ በትክክል እንዲያሳይ አሻሽያለሁ ብሎ ባስተዋወቀ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ እንዳልነበረ መመስከሩም ጭምር ነው። እንግዲህ ብርሃን ራሱ በፍጹም ገለልተኝነት ጽፎልን አያውቅም። ሆኖም የኮዳክ ፊልም ቆዳችንን ቢያጠቁረውም ያልነበረ ቆዳ አልሠራልንም። የተበላሸው መበላሸቱ ይታይ ነበር።

የመታየቱ ነገር ሚካኤል ፀጋዬን ያስታውሰኛል። ሚካኤል ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ፎቶግራፍ የዞረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በመቃብር ድንጋዮች ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶዎች ያነሣበት ሥራ አለው። ዝናብና ፀሐይ የፈጃቸው ፊቶች ናቸው። አንዱ ግንባሩ ተልጧል፤ ሌላው ከዓይኑ በታች ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ሥራውን ሳየው የሚገርመኝ የጠፋው ራሱ ቦታ ያለው መሆኑ ነው። እዚህ ጋ አፍ ነበር፣ እዚህ ጋ አገጭ ነበር ትላላችሁ፤ ጥፋቱ ጠባሳ ትቷልና። የእናቴ የሶፋ ፎቶ ግን ጠባሳ የለውም። ንቅሳቷን የማያውቅ የልጅ ልጅ ልጅ ያን ፎቶ አይቶ አንድ ነገር ጎድሏል ብሎ የሚጠረጥርበት ምንም ምክንያት አይኖረውም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ቺካጎ ሰን-ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የፎቶግራፍ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ቀን አሰናበተ፤ 28 ሰዎች፣ የፑሊትዘር ተሸላሚው ጆን ኤች. ዋይት ጭምር። ሪፖርተሮቹ በአይፎን ማንሣት እንዲማሩ ተደረገ። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የስልክና የካሜራ ፍልሚያ ተደርጎ ይነገራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ጋዜጣው ያሰናበተው መሣሪያ አልነበረም፤ ሥራቸው ቆሞ ማየት ብቻ የሆነ ሰዎችን ነው። ሪፖርተር ሲጠይቅ ይጽፋል፣ ሲጽፍ አያይም። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ እ.ኤ.አ. በ2019 ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቦታ ላይ፣ አፈር በፊቷ ላይ የምትበትን ሐዘንተኛ አንሥቷል። ያ ተከታታይ ሥራ በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ በድንገተኛ ዜና ዘርፍ አንደኛ ወጣ። ሙሾና ደረት መምታት የሚያውቅ ሰው ያን ምስል ሲያይ፣ ያነሣው ሰው የት መቆም እንዳለበትና መቼ መጠበቅ እንዳለበት ያውቅ እንደነበር ይገባዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስልክም ቢይዝ ያው ነው።

እዚሁ ፍራንክፈርት የሐበሻ ሠርግ የሚያነሣ አንድ ወዳጄ፣ በሁለት ትከሻው ሁለት ካሜራ አንጠልጥሎ፣ ከፊቱ የተዘረጉትን ሠላሳ ስልኮች እያየ ሲተክዝ አገኘሁትና «ሥራህን ወሰዱብህ አይደል?» አልኩት። «የለም እኅቴ፣» አለኝ፣ «እነሱ ሙሽራዋን ነው የሚያነሡት። እኔ የምከፈለው የሙሽራዋ እናት መቼ እንደምታለቅስ ስለማውቅ ነው።» ከዚያም እናትየውን ትቶኝ ሮጠ፤ ጊዜው ደርሶ ነበር።

ነገሩን በቃል ብቻ ማውራት ስላልፈለግኩ ሞክሬዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እማማ የጎንደር ንቅሳት አላቸው። አስፈቅጄ፣ ማታ በአዳራሹ መብራት፣ ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው። («ምነው አንገቴን ብቻ፣ ፊቴ ምን ሆነ?» ብለው ፊታቸውንም አስነሡኝ።) ስልኬ እንደ ወትሮው ሲያነሣ ንቅሳቱ ጥላ መስሎ ቀረ፤ ጨርሶ ባይጠፋም መቁጠር አይቻልም። ያው ስልክ ጥሬውን ፋይል እንዲያስቀምጥ ሳዘው ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ንቅሳቱ ግን አለ። የዐሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ካሜራዬ ደግሞ አሸዋውንም ንቅሳቱንም በልኩ አኖረ። እንግዲህ የስልኩ መስታወትና ሴንሰር አይተውት ነበር። ያየውን ያጠፋው ከነሱ በኋላ የሚመጣው ነው። መከላከያውም እዚያው ስልክ ውስጥ፣ ሦስት ማውጫ ተከፍቶ የሚገኝ ቁልፍ ነው። ግን ማን ነው ማታ እናቱ ፈገግ ስትልለት ሦስት ማውጫ የሚከፍት?

ካሜራ ሠሪዎቹም ይህን ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላይካ ያወጣው ኤም11-ፒ የተባለ ካሜራ፣ ፎቶው መቼና በምን መሣሪያ እንደተነሣ፣ ከዚያም ምን እንደተለወጠበት የሚመሰክር ዲጂታል ማኅተም በውስጡ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ነው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ዋጋው ግን ከ8 ሺህ ዩሮ በላይ ነው፤ ሌንሱን ሳይጨምር። ይኸው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መጀመሪያ ለሁዋዌ፣ ኋላም ለሺያኦሚ ስልኮች ስሙን አውሷል። አስም የነበረበት ሰውዬ ለዳገት ብሎ የሠራው ዕቃ፣ ዛሬ ያየሁትን እንዳየሁ ይዤ ልቆይ ለሚሉ ባለጸጎች የሚሸጥ ጌጥ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደብረ ማርቆስ ያለች አያት በዚህ ካሜራ አትነሣም። እኔን የሚያሳስበኝ የካሜራ መጥፋት ሳይሆን ይህ ነው። ካሜራ አይጠፋም። የላይካ ማስታወቂያና የሠርግ ባለሙያ ያኖሩታል፤ የእኅቴ ልጅ እንኳ ማይን ዳር ከሚውለው የቅዳሜ ገበያ የሃያ ዓመት አሮጌ ኪስ ካሜራ በ15 ዩሮ ገዝታ ትዞራለች፤ ፎቶው «ስልክ ስለማይመስል» ነው አሉ።

ለእኅቴ ስለ አንገቱ ሳልነግራት ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ፎቶውን የመረጠችው እሷ፣ ያነሣችውም እሷ ናት። ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «እኔ ሁልጊዜ ስለማየው ፎቶው ላይም ያለ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

በሳምንቱ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። የጎረቤት ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ቢሞላው ነው፣ በአባቱ ርካሽ ስልክ ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ ያነሣው ነው። እናቴ በርበሬ እያሰጣች ቀና ብላ ትስቃለች። ፎቶው ዘሟል፤ በግራ በኩል ያለው ጥግ በልጁ ጣት ተሸፍኗል። ፀሐዩ ግን በቂ ነበርና መሣሪያው መገመት አላስፈለገውም። ሦስቱ መስመሮች፣ ከሥራቸው ያሉት መስቀሎችም አሉ።

እሱን ይዤ ወደዚያው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ ስክሪኑ ላይ ከፍቶ አየውና፣ ጥግ ላይ ያለውን ጣት በአንድ ንክኪ ሊያጠፋልኝ እንደሚችል ነገረኝ፤ ላጥፋው ወይስ ይቆይ?

ይቆይ አልኩት።